አንሳን ቤት ከመያዛችሁ በፊት

በደቡብ ኮሪያ፣ ሶል አጠገብ ባለችው አንሳን ከተማ ርካሽ ቤት መኖሩ እውነት ነው። ለምን ርካሽ እንደሆነ ግን ጠይቆ የሚመጣ የለም።

ከተማዋ የተሠራችው ለፋብሪካ ነው። በ1976 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) መንግሥት ሶልን ያጨናነቁ ፋብሪካዎችን ወደ ባንዎል ለማውጣት ወሰነ። እርሻና የባሕር ዳር መንደር የነበረው ቦታ በ1986 አንሳን የሚባል ከተማ ሆነ። ከአንሳን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ዎንጎክ-ዶንግ የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ከ1997ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ኮሪያውያኑ ሲለቁ ክፍሎቹን ከውጭ የመጣ ሠራተኛ ሞላቸው። በ2009 ሰፈሩ የመድብለ ባህል ልዩ ቀጠና ተባለ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ «የአንሳን ፋብሪካ ቪዛ አለኝ» የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ብር እንዳትሰጡት። የፋብሪካ ቪዛው፣ ኢ-9፣ ኮሪያ ስምምነት ለፈረመችላቸው አገሮች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ካመለከተ ከ6 ወር በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ ሳይወጣ ሥራ መግባት ግን ራስን ለመባረር ማመቻቸት ነው። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» የሚሏችሁን አትስሙ።

አሁን ወደ ቤቱ። ወርኃዊ ኪራይ ስትይዙ ቦጅንግገም የሚባል መያዣ ትከፍላላችሁ፤ ስትለቁ ሊመለስላችሁ ይገባል። ዎንጎክ-ዶንግ ውስጥ ብዙው ቤት ዳጋጉ ነው። ሕንፃው የአንድ ሰው ነው፣ ውስጡ ግን ተከራይ በተከራይ ነው። ባለቤቱ ሕንፃውን አስይዞ ተበድሮ መክፈል ካቃተው ቤቱ ሐራጅ ይወጣል። ከሽያጩ ቀድሞ የተመዘገበ ባንክ ይወስዳል፣ ከእናንተ በፊት የገቡ ተከራዮችም ይቀድሟችኋል። እናንተ የምትደርሱት የተረፈ ካለ ነው።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የቤት ደላላው ያሳየኝ የንብረት መዝገብ ወራት ያለፈበት ቅጂ ነበር። ብድሩ የተመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው መያዣዬ ቀልጦ ቀረ። አቤት ልል ስሄድ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ደላላው ደግሞ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ ደንጊቡ የሚባለውን የንብረት መዝገብ ከማንም እጅ አትቀበሉ። በፍርድ ቤቱ የኢንተርኔት መዝገብ 700 ዎን ከፍላችሁ ራሳችሁ እዩት። ውል ስትፈርሙ አንዴ፣ ቀሪውን ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት ደግሞ እንደገና። የሌሎቹ ተከራዮች መያዣ እዚያ ላይ አይታይም፤ ባለቤቱን በጽሑፍ ጠይቁት። በገባችሁበት ቀን አድራሻችሁን አስመዝግቡ፣ ውሉ ላይም ሁዋክጆንግ ኢልጃ የሚባለውን የቀን ማኅተም አስመቱ። የአድራሻው ጥበቃ የሚጀምረው ከማግስቱ ነው። በዚያው ቀን ባለቤቱ ከተበደረ ባንኩ ይቀድማችኋል። ስለዚህ «እስከ ማግስቱ ድረስ አዲስ ብድር አልወስድም» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ይግባ። እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። በጓደኛ አድራሻ ተመዝግባችሁ ሌላ ቤት የምትኖሩ ልጆች፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ እናንተን አይመለከትም። ተዉት፣ ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ቆሻሻ በከተማው የተፈቀደ፣ የሚገዛ ከረጢት ውስጥ ይጣላል። ይህን ደጋግሜ መናገር ሰልችቶኛል።

ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ግን እወቁ። ኤፕሪል 16 ቀን 2014 ወደ ጄጁ ስትሄድ የሰመጠችው ሴዎል የምትባል መርከብ 304 ሰው ወሰደች። ከእነዚህ 250ዎቹ የአንሳን የዳንዎን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። ጎረቤታችሁ ልጁን ያጣ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ሪባን ስታዩ ሐዘን መሆኑን እወቁና አክብሩ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሙዚቃ አታስጩኹ። ሽማግሌዎቹ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲሰሙ ቃኘው ሻለቃን አንስተው ያመሰግኗችኋል፤ እኛም ሐዘናቸውን ማወቅ አለብን።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ኮሪያኛ መልመድ የሚፈልግ ሰው ዎንጎክ-ዶንግ ባይኖር ይሻለዋል። እዚያ ሳትለምዱት ዓመታት ያልፋሉ። የአንሳን ጣቢያ ባለበት በዚያው በ4ኛው የባቡር መስመር፣ ጁንጋንግ ወይም ሃንዴአፕ ጣቢያ አካባቢ ፈልጉ። ኪራዩ ጠንከር ይላል፣ ግን ጎረቤት ኮሪያዊ ነው። የሥራ ቦታችሁ ባንዎል ወይም ሺህዋ የፋብሪካ ቀጠና ከሆነ መጀመሪያ አውቶቡሱን በጠዋት ሰዓት ሞክሩት፣ ከዚያ ነው ውል የሚፈረመው።