ኢሙ8086 ስህተት ሲያወጣ ከየት እንጀምር?

ድሬዳዋ ላይ ማይክሮፕሮሰሰር የሚማር ልጅ ከኢሙ8086 ጋር መተዋወቁ አይቀርም። ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣውን 8086 ፕሮሰሰር ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። «አቦ፣ ይሄ ነገር ምን ፈልጎ ነው?» የሚያሰኙት መልእክቶች ጥቂት ናቸው፤ ደጋግመው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ስህተቱ መቼ እንደመጣ ለዩ። ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም) ከሆነ የመስመሩ ቁጥር አብሮ ይወጣል፤ ቀላል ነው። ራን ስታደርጉ (ፕሮግራሙን ስታስኬዱ) ከሆነ ግን የሚታያችሁ ፕሮግራሙ የወደቀበት ቦታ ነው። ነገሩ የተበላሸው ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው።

«ዲቫይድ ኤረር፣ ኦቨርፍሎው»

ብዙ ሰው በዜሮ ያካፈለ ይመስለዋል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ድርሻው አልያዝ ብሎ ነው።

ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ ወንጌላዊውን የሚነግር ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰበትን 1895 ዓ.ም. ስጡት። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም 6 ትሆናለች። ሬጅስተር ከሚባሉት የፕሮሰሰሩ ትንንሽ ማስቀመጫዎች 1895ን ኤኤክስ ውስጥ፣ 4ን ቢኤል ውስጥ አስገብታችሁ «ዲቭ ቢኤል» (በቢኤል አካፍል) ስትሉ ቀጥ ይላል። አካፋዩ ባለ 8 ቢት ሲሆን ድርሻው የሚገባው ኤኤል፣ ማለትም የኤኤክስ ታችኛው ግማሽ ውስጥ ነው። ኤኤል ከ255 በላይ አይዝም፤ የእኛ ድርሻ ደግሞ 473 ነው።

መፍትሄው 4ን ቢኤክስ ውስጥ አድርጎ «ዲቭ ቢኤክስ» ማለት ነው። ድርሻው ኤኤክስ ውስጥ፣ ቀሪው ዲኤክስ ውስጥ ይገባል።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። አካፋዩ ባለ 16 ቢት ሲሆን ተካፋዩ ኤኤክስ ብቻ አይደለም፤ ዲኤክስም ከላይ ይቀጠላል። ቅድም «ዓመቱን አስገባ» የሚለውን ጽሑፍ በኢንተራፕት 21 (የሲስተሙን አገልግሎት በሚጠራው ትእዛዝ) ስታሳዩ አድራሻውን ያስቀመጣችሁት ዲኤክስ ውስጥ ነበር። ያ ቁጥር ከአካፋዩ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ያው ስህተት ይመለሳል። ዜሮ ሳይሆን ካነሰ ደግሞ ይባስ ብሎ ምንም ሳይናገር የተሳሳተ ድርሻ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ከዲቩ በፊት «ኤክስኦር ዲኤክስ፣ ዲኤክስ» ብላችሁ አጽዱት።

መልእክቱ የኢንተራፕት 0ን አድራሻ ቀይሩ ብሎ ይመክራል። ለጀማሪ አይሆንም። ፕሮሰሰሩ ማካፈል ሲያቅተው የሚጠራው እሱን ነው፤ አድራሻውን መቀየር ስሌቱን አያቃናም።

«አንኖውን ኦፕኮድ ስኪፕድ»

ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ያልሆነ ነገር እንደ ትእዛዝ ለማንበብ ሞክሯል። ዳታና ኮድ ለእሱ ሁሉም ባይት ነው፣ አይለይም። ኮም ፋይል የሚባለው የፕሮግራም ዓይነት ከሜሞሪ አድራሻ 100 ሄክስ (በ16 መሠረት የተጻፈ ቁጥር) ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ዳታ በሚያስቀምጠው «ዲቢ» የተጻፈ ስም ካገኘ ስሙን ማስኬድ ይጀምራል። ወይ መጀመሪያው ላይ ዳታውን የሚያዘልል «ጀምፕ» ጻፉ፣ ወይ ዳታውን ፕሮግራሙን ከሚጨርሰው «ሬት» በታች አውርዱት።

መጨረሻ ላይ «ሬት» መርሳትም እዚያው ያደርሳል። አንዳንዴ እንዲያውም ስህተት አይወጣም። ባዶ ሜሞሪ ዜሮ ነው፤ ሁለት ዜሮ ባይት ደግሞ 8086 ላይ ትክክለኛ የመደመር ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይነጉዳል። ያኔ በሲንግል ስቴፕ ቁልፍ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያስኬዳችሁ ከኮዳችሁ የወጣበትን ቅጽበት ያዙ።

«ሮንግ ፓራሜተርስ»

ይሄ የኮምፓይል ስህተት ነው። ባለ 16 ቢቱን ቢኤክስ ባለ 8 ቢቱ ኤኤል ውስጥ ልትከቱ ሞክራችኋል፣ ወይም ዳታው ያለበትን የሜሞሪ ክፍል በሚይዘው ሬጅስተር፣ በዲኤስ ውስጥ ቁጥር በቀጥታ ጽፋችኋል። ለዲኤስ ቁጥሩን በኤኤክስ በኩል አሳልፉት። ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ በቀጥታ «ሞቭ» ማድረግ (መገልበጥ)ም አይቻልም፤ መሀል ላይ ሬጅስተር ያስፈልጋል።

በፊደል የሚጀምር የሄክስ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ፊቱ 0 ጨምሩበት። አለዚያ አሴምብለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው) ስም ይመስለውና አላውቀውም ይላችኋል።