ከጅማ ወደ ዲያኒ፦ ባሕር ለሚሄድ ሰው

እዚህ ጅማ አንድ ሰው ባሕር ዳርቻ ሊሄድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው የሆቴል ዋጋ ነው። እኔ ግን ጨረቃዋን እዩ እላለሁ። ኬንያ፣ ዲያኒ ላይ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ሽሽቱ ይብሳል፤ ጠዋት የዋኛችሁበት ቦታ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ላንጋኖ ዋኝቶ ለለመደ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር ነው።

ስለዚህ ገና ሻንጣ ሳታስቀምጡ ሆቴሉን የውሃውን ሰዓት ጠይቁ። በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። ደስ የሚለው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ቀትር ለእነሱም ስድስት ሰዓት ነው። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን በፈረንጆቹ ነውና ከጀልባ ሰው ጋር ስትቀጣጠሩ የትኛውን እንደሚል አረጋግጡ።

መንገዱ ቀላል ነው፤ ከአባ ጅፋር ማረፊያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሞምባሳ። ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሃል ያለውን ውሃ የሊኮኒ ጀልባ እግረኛን በነፃ ያሻግራል፤ ዕቃ ያለው ግን ታክሲ ይዞ በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ይዙር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አይረሳ። ቆሎውንም በፌስታል አትቋጥሩ፤ ኬንያ ፌስታልን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች።

ከገበያችን አንድ ነገር ግዙ፦ ኮንጎ ጫማ። ውሃው ሲሸሽ በኮራሉ ድንጋይ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት አለት) ላይ እየተራመዱ ዓሣና ኮከብ መሰል እንስሳት ማየት ይቻላል፤ ባዶ እግር ግን ኮራሉ ይቆርጣል፣ እሾሃም ጥቁር የባሕር እንስሳም ይወጋል። ውሃው ሳይመለስ ውጡ። መዋኛው ሲሞላ ነው። ባለቤቴ የምትዋኘው ሙሉ በሚሸፍን ልብስ ነው፤ አካባቢው እስላም የሚበዛበት ስለሆነ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። የዋና ልብስ ለብሶ አጠገቡ ያለችው ኡኩንዳ ከተማ መግባት ግን ነውር ነው።

ግመል ጋላቢዎቹን እለፏቸው፤ ለግመል ውቅያኖስ ድረስ አይኬድም። ይልቅ ቀና በሉ። የኛ ጉሬዛ ዘመድ የሆኑ ጦጣዎች መኪና እንዳይገጫቸው ከአስፋልቱ በላይ በተዘረጋ የገመድ መሰላል ይሻገራሉ። ምግብ አትስጧቸው።

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለኪሲቴ አውጡት። ከሺሞኒ ወደብ በጀልባ ወደ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክ ይኬዳል፤ ዶልፊን የሚታየው በዚያ መንገድ ነው። መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጋችሁ ፊታችሁን ውሃው ውስጥ ስትነክሩ ከታች ያለው ዓለም ሌላ ነው። የማይዋኝ ሰውም ላይፍ ጃኬቱን ጥብቅ አድርጎ ከአስጎብኚው ጋር ይገባል፤ ጨዋማው ውሃም ለመንሳፈፍ ያግዛል። እዚህ ያለውን ሕያው ኮራል አትርገጡ፣ ዛጎልም አታንሱ፤ ክልክል ነው። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት የፓርኩ መግቢያና ምሳ ዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ውሃው የሚጠራው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ስለሆነ ተዉት። ጀልባዎቹ በጠዋት ስለሚነሱ ከዲያኒ በማለዳ ውጡ።