የጥንቱን የአፍሪካ ዋንጫ ከድሬዳዋ ሆኖ በወረቀት ለመመዝገብ

ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ የእግር ኳስ ወዳጆች ሲሰባሰቡ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ሰሞን ይመለሳል፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራሲያዊት ኮንጎ) በዚችው ከተማ ስታዲየም ወደተጋጠሙበት ወደ 1968 ዓ.ም.። ያን ሰሞን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ሲጠጡ ይገኛሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የአፍሪካን ዋንጫ የመጀመሪያ ዘመን፣ በተለይም ውድድሩ የጥቂት ጎረቤታሞች ጉዳይ የነበረበትን ጊዜ፣ ከዚሁ ከተማ ሆኖ በሥርዓት መመዝገብ ለሚፈልግ ወጣት፣ ለትምህርት ቤት ክበብ ወይም ለሰፈር ቡድን ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ወረቀት፣ አንድ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አይነሣም።

ከትንሹ መጀመር

ጀማሪ ሰው በቀጥታ ወደ 1968 መሮጥ ይወዳል፤ የገዛ ከተማው ታሪክ ስለሆነ አይፈረድበትም። እኔ ግን የመጀመሪያው ወረቀት ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ለካርቱሙ ውድድር፣ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ያ ውድድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጨዋታ ብቻ በመሆኑ፣ ለእጅ ማፍቻ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም።

በወረቀቱ ራስ ላይ ቦታውንና ጊዜውን ይጻፉ፤ ካርቱም፣ ከየካቲት 3 እስከ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 10 እስከ 16 ቀን 1957። ከሥሩ አራት አገሮችን ይደርድሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ። አራቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ያቋቋሙት አገሮች ናቸው፤ ማኅበሩም የተመሠረተው በዚያው ሰሞን እዚያው ካርቱም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አሁን የደቡብ አፍሪካን ስም በአንድ መስመር ይሰርዙት፤ በላጲስ ግን አያጥፉት። የአፓርታይድ መንግሥቷ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ስላልነበረ አገሪቱ ከውድድሩ ወጥታለች፤ የተሰረዘው ስም በወረቀቱ ላይ ካልታየ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለአንባቢ አይገባውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የኢትዮጵያ መንገድ ነው። ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኝቷት ስለነበር፣ ቡድናችን አንድም ግጥሚያ ሳያደርግ በፎርፌ ለፍጻሜ አለፈ። በሌላው ግማሽ ፍጻሜ ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ የካቲት 9 ቀን በተደረገው ፍጻሜም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች። ስለዚህ «ኢትዮጵያ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሁለተኛ ወጣች» የሚለው አረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ብቻውን መቆም የለበትም፤ ከጎኑ «በፎርፌ አልፋ፣ በአንድ ጨዋታ» የሚል ይጨመርበት። ይህን ጭማሪ የማይወዱ ወዳጆች አሉኝ፤ የአገርን ስም ማሳነስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በአንጻሩ፣ በ1954 ዓ.ም. የመጣው የዋንጫ ድል ምን ያህል መንገድ ተሄዶ እንደተገኘ የሚታየው ይህ በሐቅ ሲጻፍ ነው ባይ ነኝ።

ውጤቶቹን ከጻፉ በኋላ ግቦቹን በአግቢዎቹ ስም ይቁጠሩ። ሁለት ለአንድና አራት ለዜሮ ሲደመሩ ሰባት ግብ ይሆናሉ። ከሰባቱ አምስቱ «አድ-ዲባ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው የግብፁ መሐመድ ዲያብ አል-አታር ናቸው፤ በፍጻሜው የተቆጠሩትን አራቱንም ያገባው እርሱ ነው። አንዱ ግብ የራፋት አቲያ ነው፤ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘና በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያው ግብ። የቀረው አንድ የሱዳን ነው። አምስት፣ አንድ፣ አንድ፤ ሰባት ሞላ። ድምሩ የማይሞላ ከሆነ ከስሞቹ አንዱ ተሳስቷል ወይም ተዘልሏል ማለት ነው፤ ሳይታረም ወደ ሌላ ዓመት አይታለፍም።

የ1951ዱ የካይሮ ውድድር በወረቀቱ ግርጌ ሦስት መስመር ይበቃዋል፤ እነዚያው ሦስት አገሮች እርስ በርስ ተጋጥመው ኢትዮጵያ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ስትሸነፍ፣ አስተናጋጇ ሱዳንን 2 ለ 1 ረትታ ዋንጫውን አስቀርታለች።

ሁለቱ ስልሳ ስምንት

ይህን ክፍል ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የወጣቶች ክበብ ግድግዳ ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ «የ1968ቱ የአፍሪካ ዋንጫ፤ አዲስ አበባና አስመራ፤ አሸናፊ ኮንጎ ኪንሻሳ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ሠራተኛ መነጽራቸውን አስተካክለው ካነበቡት በኋላ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ልጅ፣ እኔ እዚህ በዓይኔ ያየሁትን ዋንጫ ለአስመራ ሰጠኸው?» አሉኝ። እርሳቸው ልክ ነበሩ፤ የጻፍኩትም ውጤት ሐሰት አልነበረም። ልዩነቱ እርሳቸው በኛ አቆጣጠር ማሰባቸው፣ እኔ ደግሞ የፈረንጁን ዓመት እንዳለ መገልበጤ ነበር።

በፈረንጆቹ 1968 የተደረገው ውድድር በኛ ጥር 1960 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባና አስመራ አስተናግደውታል። በኛ 1968 የተደረገው ደግሞ በፈረንጆቹ 1976 ሲሆን፣ ያስተናገዱት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። ሁለቱም በኢትዮጵያ ምድር፣ ሁለቱም «ስልሳ ስምንት» ተብለው የሚጠሩ ስለሆኑ መምታታታቸው አይቀርም። በዚህ ምክንያት በወረቀቱ ላይ ዓመተ ምሕረት ብቻውን አይጻፍ፤ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሁን። ከዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። በዚህ መመሪያ የተነሡት ውድድሮች ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ስለተደረጉ ለሥራችን የሚያገለግለው ስምንቱ ነው።

ቀኑን ሲለውጡ ግን አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። 1968 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለሆነች፣ የዚያ ዓመት የካቲት 1 እንደ ሌላው ጊዜ በፌብሩዋሪ 8 ሳይሆን በ9 ዋለ። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 29 የተከፈተው ውድድር በኛ የካቲት 21 ቀን ተከፈተ፤ ማርች 14 የተዘጋው ደግሞ መጋቢት 5 ቀን ተዘጋ ማለት ነው።

ሒሳቡ ራሱ እንዲመሰክር

ሁለተኛው ወረቀት የድሬዳዋ ምድብ ነው። በግራ በኩል የአራቱን አገሮች ስም ከላይ ወደ ታች ይጻፉና ስድስት ግጥሚያ እንደሚኖር አስቀድመው ይወቁ፤ አራት ቡድኖች እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኙ ስድስት ነው የሚሆነው። ውጤቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ሞሮኮና ሱዳን 2 ለ 2 ተለያዩ፣ ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2፣ ሞሮኮ ዛየርን 1 ለ 0፣ ናይጄሪያ ሱዳንን 1 ለ 0፣ ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸነፉ፣ ሱዳንና ዛየር 1 ለ 1 ወጡ።

አሁን ሠንጠረዡን ይሙሉ፤ ሲሞሉም የዛሬውን ሕግ ይርሱ። በዚያ ዘመን አሸናፊ የሚያገኘው 2 ነጥብ ነበር፣ 3 አልነበረም። ሞሮኮ ሁለት አሸንፎ አንድ አቻ በመውጣቱ 5፣ ናይጄሪያ ሁለት በማሸነፉ 4፣ ሱዳን በሁለት አቻ 2፣ ዛየር በአንድ አቻ 1 ነጥብ ይይዛሉ። ድምሩ 12 ነው፤ ስድስት ግጥሚያ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ስለሚያካፍል 12 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስተዋል። በግቡም እንዲሁ ነው፤ ያገቡት 6፣ 6፣ 3፣ 3፣ የተቆጠረባቸው 3፣ 5፣ 4፣ 6፤ ሁለቱም ወገን 18 ይመጣል። ይህ የማመሳከሪያ ሒሳብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ከአንድ ቦታ ተገልብጦ የመጣ የተሳሳተ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ተገልብጦ የተጻፈ እንደሆነ ግን፣ ለምሳሌ 4 ለ 2 የሚለው ለተሸናፊው ከተሰጠ፣ ድምሩ ሳይዛነፍ ያልፋል፤ ለዚህ ደግሞ ሁለቱ ያለፉት ቡድኖች እነማን እንደነበሩ መመልከት ይረዳል።

ያለፉት ሞሮኮና ናይጄሪያ ናቸው። ከሠንጠረዡ ግርጌ ላይ የተቀመጠው ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ግብፅ ላይ ዋንጫውን የወሰደ፣ በዚያው ዓመትም ለዓለም ዋንጫ የተጓዘ ቡድን ነበር፤ ሻምፒዮኑ ከድሬዳዋ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ተመለሰ። ይህችን ነገር በሠንጠረዡ ጎን በትንሹ ጻፉልኝ።

«ፍጻሜው ማን ከማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። በዚያ ዓመት ፍጻሜ የሚባል ጨዋታ አልነበረም፤ ከሁለቱ ምድብ ያለፉት አራት ቡድኖች እንደገና በነጥብ ተወዳደሩ። የመጨረሻው ቀን ግጥሚያ አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮን ከጊኒ አገናኘ፤ ሞሮኮ አቻ ቢወጣ ይበቃው ነበር፣ ጊኒ ቀድሞ አገባ፣ በ86ኛው ደቂቃ «ባባ» የተባለው አሕመድ መክሩህ አቻ አደረገና ዋንጫው ወደ ሞሮኮ ሄደ። ለፍጻሜ የተዘጋጀ ሣጥን በወረቀቱ ላይ ካለ ባዶውን አይተዉት፤ ይህንኑ ይጻፉበት።

የአገር ስም ነገር

በጥንቱ ውድድር ውስጥ አንድ አገር በሁለት ስም ይመጣል። በ1951ና በ1954 ዓ.ም. ግብፅ የተጫወተችው የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነው፤ በ1960 ዋንጫ የወሰደው ኮንጎ ኪንሻሳና በ1968 ድሬዳዋ የመጣው ዛየርም አንድ አገር ነው። በጊዜው የነበረውን ስም ጽፈው የዛሬውን በቅንፍ ያስከትሉ። የሰው ስም ደግሞ ከዓረብኛ ሲመጣ በየጸሐፊው ይለያያል፤ አንዱን አጻጻፍ ይምረጡና እስከ መጨረሻ በዚያው ይጽኑ። ይህን ያደረገ ሰው፣ በካርቱሙ ፍጻሜ አራት ግብ ያገባው አድ-ዲባ በ1960 አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን ፍጻሜ ፉጨት ይዞ የዳኘው ራሱ መሆኑን ያስተውላል፤ ስሙን በሁለት መልክ የጻፈ ሰው ሁለት ሰው አድርጎ ያልፈዋል።

አዛውንቶችን መጠየቅ

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰው ነው። ድሬዳዋ የኳስ ከተማ በመሆኗ፣ የጥጥ ማኅበርና የስሚንቶ ፋብሪካ ቡድኖችም በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና የወሰዱ በመሆናቸው፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጊዜ መምረጥ ግን ያሻል። በቀትር ፀሐይ ማንንም አያስቸግሩ፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጨዋታቸው ቢደምቅም አንዱ የሌላውን ስለሚቀማ ለመዝገብ አይመችም። እኔ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ማለዳ፣ ከቁርስ በኋላ፣ አንድ ለአንድ ነው። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብለው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ሳይጠይቁ ደብተር አያውጡ። ሰውየው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መናገር ከቀለላቸው ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ ይዘው ይሂዱ።

«ስንት ለስንት ነበር?» ብለው አይጀምሩ። ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ አለ፤ ከሰው የሚፈለገው ወረቀቱ ላይ የሌለው ነው። የት ቆመው አዩ? ከማን ጋር ሄዱ? ከየትኛው ቡድን ጎን ሆነው ጮኹ? ለምን? አንዲት እናት እንዲህ ተጠይቀው፣ በዚያ ሰሞን ቤታቸው የሚሸጠው አምባሻ ከቀትር በፊት ያልቅ እንደነበረና የሱዳን ጨዋታ ቀን ሁለት ጊዜ ያቦኩ እንደነበር ነገሩኝ። ማን እንዳሸነፈ ግን አያስታውሱም፤ አላስፈለገኝምም።

ዓመቱ የተደበላለቀባቸው እንደሆነ በዘመን ምልክት ያግዟቸው። «ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ?» የምትለው ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ታቃናለች፤ የ1954ቱን ዋንጫ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ፣ በ1968 ዙፋኑ አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ «ከሶማሊያ ጦርነት በፊት ነው በኋላ?» ማለት ከየትኛውም ቀን መቁጠሪያ ይበልጣል።

በደብተሩ ከእያንዳንዱ ቃል ፊት ከሦስቱ አንዱን ያስቀምጡ፤ «አየሁ»፣ «በሬዲዮ ሰማሁ»፣ «ተነገረኝ»። የ1954ቱ ፍጻሜ፣ ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ በተጨማሪ ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ግቦች 4 ለ 2 የተፈጸመው ጨዋታ፣ ሁሉም ሰው ያየው ይመስለዋል። ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የአባታቸውን ትረካ ነው የሚደግሙት። ይህ ነውር የለበትም፤ ብቻ «ተነገረኝ» በሚለው ሥር ይግባ።

የተነገረው ከቁጥሩ ሲጋጭ በሰውየው ፊት ማረም አይገባም፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን እንዳለ ትተው የእርሳቸውን ቃል ከጎኑ በእርሳስ ይጻፉ። ሥራው ሲያልቅ፣ በእስክሪብቶ ከመገልበጡ በፊት፣ ሁለቱን ወረቀት ይዘው ተመልሰው ይሂዱና ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። እኔ ሁለተኛውን ወረቀት ለእኚያ የባቡር ሠራተኛ ያነበብኩላቸው በአንድ የሐሙስ ማለዳ ነው። ዛየር ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝና «አንድ ነጥብ ብቻ?» አሉ። ስድስቱንም ውጤት አንድ በአንድ እንደገና አነበብኩላቸው፤ እርሳቸውም በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየቆጠሩ ደመሩት።