የጓሮ አትክልትን ከተባይና ከበሽታ ሲከላከሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳያዩ መርጨት። ቅጠል ሲበሳሳ ወይም ሲጠወልግ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው መርጫውን ነው። መቅደም ያለበት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው፤ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) እና ነጭ ዝንብ በብዛት የሚደበቁት ከሥሩ ነው። ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ደግሞ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዘው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት። የወደቁት ነጠብጣቦች መንቀሳቀስ ከጀመሩ እሱ ነው። በዘር ከሸረሪት ወገን እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ ብዙው የነፍሳት መርዝ አይገድለውም፤ ጭራሽ እሱን የሚበሉትን ስለሚጨርስለት ይብሱን ይራባል።

የጠወለገ ቲማቲም ሁሉም ውሃ ጠምቶት አይደለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግንዱን ወደ አፈሩ ጠጋ ብለው ይቁረጡና የአንድ ጣት ያህሉን ቁራጭ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ ብቻ እንዲነከር አድርገው ይያዙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል ከወረደ ባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ይህ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማራቅ ብቻ ነው። ጠምቶት ነው ብለው ውሃ ሲያንቧቡበት ከቆዩ ባክቴሪያውን ወደ ጎረቤት ተክል እየሸኙት ነበር ማለት ነው።

የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ሲሰረጉድም ፈንገስ ነው ብለው አይርጩ። ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ሲጠፋ ካልሲየም ለፍሬው በበቂ ሁኔታ ስለማይደርሰው የሚመጣ ችግር ነው። ውሃውን በመጠኑና በየጊዜው ካጠጡ የሚቀጥሉት ፍሬዎች ደህና ይሆናሉ።

ሳሙናን ማወፈር። ለክሽክሽ 1 ሊትር ውሃ ላይ 2 የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር ገደማ) ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል፣ አይጠቀሙበት። ሳሙናው የሚገድለው እርጥብ እያለ የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ የመጣ ክሽክሽ ምንም አይሆንም። ስለዚህ የቅጠሉ ሥር እስኪንጠባጠብ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይርጩ። መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። እናቲቱ ክሽክሽ ያለ ወንድ ልጆቿን በቁማቸው ስለምትወልድ ያመለጡት ጥቂቶች በሳምንት ውስጥ ቀንበጡን መልሰው ይሞሉታል፤ ከ5 ቀን በኋላ ይድገሙት።

ወዳጅን መግደል። ጥቁር ሆኖ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፣ ትንሽ አዞ የሚመስል እጭ ክሽክሽ መሃል ካዩ አይጨፍልቁት። የዚያች ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ ልጅ ነው፣ ሥራውም ክሽክሽ መብላት ነው። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከክሽክሽ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየለቀመ፣ በላተኞቹን ያባርርለታል። መንገዱን መዝጋት ከመርጨት ያላነሰ ይጠቅማል።

ሲመሽ ቅጠል ላይ ውሃ ማፍሰስ። የድንችና የቲማቲም ምች ቅጠል ለረጅም ሰዓት ሲረጥብ የሚነሳ በሽታ ነው። ጠዋት፣ ሥሩ ላይ ያጠጡ። የቲማቲሙን የታች ቅጠሎች እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ቀስ በቀስ ያንሱ፤ አፈሩንም በደረቅ ሣር ይሸፍኑት፣ ጭቃ እየተረጨ በሽታ እንዳይወጣ። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነጭ ሻጋታ ግን ቅጠል ሳይረጥብም ይስፋፋል፤ ለእሱ የሚጠቅመው ተክሎቹን አራርቆ አየር ማስገባት ነው።

የታመመን ተክል ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ ክምር) ውስጥ መጣል። የጓሮ ክምር ብዙውን ጊዜ ተህዋሲያንን ለመግደል በቂ ሙቀት የለውም። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አንዱ በታመመበት መደብ ላይ ሌላውን መትከል ከበሽታው ለማምለጥ ሰብል ማፈራረቅ አይባልም።

መርዝን በግምት መለካት። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን መጨመር ቅጠል ያቃጥላል እንጂ ተባዩን የበለጠ አይገድልም። አንዱን መርዝ ደጋግሞ መርጨትም የማይበገር ዘር ያተርፋል። ማሸጊያው ከመልቀሙ በፊት 7 ቀን ይቆይ ካለ፣ ትናንት የተረጨን ሰላጣ አጥቦ መብላት አይሆንም፤ አንዳንዱ መርዝ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ በማጠብ አይወጣም።