የንጉሥ አጫዋች ልብስ፦ ሲጽፉም ሲሥሉም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአውሮፓ ነገሥታት አጫዋች ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ ልብስ፣ ሦስት ጫፍ ያለው ቆብ፣ በየጫፉ ቃጭል፣ አፍንጫው የሾለ ጫማ። የልጆች መጽሐፍ ላይ አለ። የመጫወቻ ካርታ ላይ አለ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በጥቅምት ወር የሃሎዊን ልብስ ከሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ አታጡትም።

ምስሉ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ችግሩ ከተለያየ አገርና ዘመን ተለቃቅሞ በአንድ ሰው ላይ መጫኑ ነው። እኔ ይህን ልብስ የምወደው ከቀልዱ በፊት ሌላ ነገር ስለሚናገር ነው፤ የለበሰው ሰው የማን ቤት ሰው እንደሆነ ይናገራል። ይህን የያዘ ሰው ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን አይሠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉም አጫዋች ቡራቡሬ ይለብስ ነበር» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የእንግሊዙን ንጉሥ የሄንሪ 8ኛን አጫዋች ዊል ሶመርስን እንይ። በ1535 ለእሱ የተሰፋው ልብስ በቤተ መንግሥቱ ሒሳብ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አረንጓዴ ኮትና ቆብ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ የሱፍ ክር የተንዘረፈፈበት፣ ወፍራም የሱፍ ገበር ያለው። ሌላም አረንጓዴ ኮት አለ፤ ይኼኛው ከላዩ የሚጠለቅ ቆብ አለው፣ የጠርዙ ክር ነጭ ነው። ከዚህ ውስጥ ቃጭል የለም። ቀይና ቢጫ ተከፍሎ የተሰፋ ነገርም የለም። ለብርድ አገር ሰው የተሰፋ የሚሞቅ ልብስ ነው።

ስፔን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ሠዓሊው ቬላስኬዝ በ1630ዎቹ የንጉሥ ፌሊፔ 4ኛን አጫዋቾች ሥሏል። ፓብሎ ደ ቫያዶሊድ የተባለው ከአንገቱ በታች ጥቁር በጥቁር ነው፤ ነጭ ያለው አንገትጌው ላይ ብቻ ነው። ሥዕሉ ማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ይገኛል። ማንነቱን ሳይነግሩት ቢያሳዩት አጫዋች ነው ብሎ የሚገምት ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠበቃ ወይም የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ይመስላል።

እና ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። የት አገር? መቼ? ያለዚህ ስለ አጫዋች ልብስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ጭፍን ነው።

ቀለሙ ለማሳቅ የተመረጠ ነው ብሎ ማሰብ

ግማሽ በግማሽ የተከፈለ ልብስ በ14ኛው መቶ ዘመን የወጣት መኳንንት ፋሽን ነበር። አንዱ እግር ቀይ፣ ሌላው ነጭ። ቀሚሱም መሐል ለመሐል ተከፍሎ በሁለት ቀለም ይሰፋል። ለማሳቅ የሚለበስ አልነበረም፤ እንዲያውም ገንዘብ ያለው ሰው የሚታወቅበት ነበር።

ቀለሞቹ ሌላም ሥራ ነበራቸው። አንድ ጌታ ቤቱ የሚታወቅበትን ቀለም ለአሽከሮቹ፣ ለመልእክተኞቹና ለሙዚቀኞቹ ያለብሳል። መንገድ ላይ ያየ ሰው «ይኼ የእገሌ ቤት ሰው ነው» ይላል። የኳስ ማሊያ ዛሬ እንደሚሠራው ማለት ነው። አጫዋቹም ከዚያ ቤት ቀለብ የሚሰፈርለት፣ ልብስ የሚሰጠው ሰው ነበርና ያንኑ ለበሰ።

ከዚያ ፋሽን ተለወጠ። መኳንንቱ ባለሁለት ቀለሙን ልብስ ተዉት። በአሽከሮችና በአጫዋቾች ላይ ግን ቀረ፤ ጊዜ ያለፈበት ልብስ ደግሞ ሳቅ ይጠራል። ያስቃል የሚባለው ነገር የመጣው በዚህ በኩል ነው። ቃጭሉም ቢሆን ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1400 አካባቢ የጀርመን መኳንንት ቀበቷቸው ላይና ልብሳቸው ላይ ትንንሽ ቃጭል እየሰቀሉ ይንሿሹ ነበር። እነሱ ሲተዉት አጫዋቹ ዘንድ ቀረ።

ከአርሌኪኖ ጋር ማምታታት

የአልማዝ ቅርጽ ያለው ባለብዙ ቀለም ልብስ ካዩ የቤተ መንግሥት አጫዋች ነው ብለው አይቸኩሉ። እሱ አርሌኪኖ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ጭምብል አጥልቀው እየዞሩ ትያትር የሚያሳዩ ቡድኖች ነበሩ። አርሌኪኖ በእነሱ ጨዋታ ውስጥ ከቤርጋሞ የመጣ ሎሌ ሆኖ የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ነው። ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ሲያዩ ለውጡ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ላይ ልብሱ የድሃ ልብስ ነው፤ በተገኘው እራፊ እዚህም እዚያም የተጣፈ። ኋላ ጥፍጥፉ መስመር ያዘና ዛሬ የምናውቀው የአልማዝ ቅርጽ ሆነ። አርሌኪኖ የመድረክ ሰው ነው። ዊል ሶመርስ ግን ንጉሡ ቤት ውስጥ የሚኖር እውነተኛ ሰው ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ የአጫዋች ልብስ የሚባለው ጨርቅ የግድ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ላይሆን ይችላል። ሌስሊ ሆትሰን የተባለ ተመራማሪ በ1952 ባወጣው ጥናት፣ ጨርቁ ድርና ማጉ የተለያየ ቀለም ካለው ክር የተሸመነ እንደነበርና ከእሱም ረጅም ኮት ይሰፋ እንደነበር ተከራክሯል። እንዲህ ዓይነቱን ድብልቅ ጨርቅ ሌላውም ሰው ይለብሰው ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጻፈው ባለቅኔ ቾሰር ይህን ያለበሰው ፈረስ ላይ ጉብ ያለ ነጋዴ ነው፤ አጫዋችነት በአጠገቡም አላለፈ።

የአህያ ጆሮውን እንደ ጌጥ ማየት

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከልብሱ ታሪክ ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው።

ዳዊት የሚደግም ሰው «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን ያውቀዋል። በእንግሊዝኛ ይህ ሰነፍም፣ ሞኝም፣ አጫዋችም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በ13ኛውም በ52ኛውም መዝሙር ይገኛል። የላቲኑ መዝሙረ ዳዊትም ቁጥሩ እንደኛው ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊዎች የ52ኛውን መዝሙር የመጀመሪያ ፊደል ሲያስጌጡ፣ ፊደሉ ውስጥ ይህን ሰነፍ ይሥሉት ነበር። የሚያስቅ ሰው አይደለም። ራቁቱን የቀረ ወይም ቡትቶ የለበሰ፣ ፀጉሩ የተላጨ፣ በአንድ እጁ ቆመጥ የያዘ፣ በሌላው ዳቦ የመሰለ ክብ ነገር የሚገምጥ ሰው ነው። እግዚአብሔርን የካደ ሰው አእምሮውንም አጣ ለማለት ነው።

ቀስ በቀስ ሠዓሊዎቹ ይህን ሰው አለበሱት። ቆመጡ ጫፉ ላይ የሰው ጭንቅላት የተቀረጸበት በትር ሆነ፤ ፊቱም የያዘውን ሰው ፊት ይመስላል። የተላጨው ራስ ላይ የአህያ ጆሮ ያለው ቆብ ተደረበ። አንዳንዴ በአውራ ዶሮ አናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ የሚመስል ነገር ቆቡ ላይ ይጨመራል። ቃጭሉም ተሰቀለ። ከዚያ ማተሚያ ቤት መጣ። በ1494 ጀርመናዊው ጸሐፊ ሰባስቲያን ብራንት ባዝል ከተማ ላይ በሞኞች ስለተሞላች መርከብ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ብዙዎቹ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች የወጣቱ ጀርመናዊ ሠዓሊ የዱረር እጅ እንደሆኑ ይታመናል። እዚያ ውስጥ ምሁሩም፣ ነጋዴውም፣ ካህኑም ባለ ጆሮውንና ባለ ቃጭሉን ቆብ አጥልቀዋል። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ አውሮፓን አዳረሰ፤ ቆቡም አብሮ ዞረ።

ስለዚህ ጆሮው በመጀመሪያ የመጽሐፍ ምልክት ነው፤ እውነተኛው አጫዋች አጥልቆት ነበር ወይ የሚለው በየሰዉ መጣራት አለበት። ሄንሪ 8ኛ ራሱ በ1540 አካባቢ የተዘጋጀ መዝሙረ ዳዊት ነበረው። ንጉሡ እንደ ዳዊት በገና ይዞ ተሥሏል። ዊል ሶመርስ አጠገቡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ገጹ 52ኛው መዝሙር ነው። ሠዓሊው ባህላዊውን ሰነፍ ማስገባት ሲችል የንጉሡን ሰው አቆመው፤ የአህያ ጆሮም አላበቀለለትም።

ለእያንዳንዱ ቀለም ትርጉም ማደል

«ቢጫ ክህደት ነው፣ አረንጓዴ እብደት ነው» የሚሉ ዝርዝሮች ብዙ ቦታ ይዞራሉ። ጨርሶ መሠረት የላቸውም አልልም። የቀለም ታሪክ አጥኚው ሚሼል ፓስቱሮ በመካከለኛው ዘመን ሸንተረር ያለውና የተከፋፈለ ቀለም ያለው ልብስ ከኅብረተሰቡ ጠርዝ ላሉ ሰዎች፣ ለሞት ፍርድ ፈጻሚዎች፣ ለሴተኛ አዳሪዎች፣ ለአጫዋቾች ይሰጥ እንደነበር አሳይቷል። ግን አረንጓዴና ነጭ የሄንሪ 8ኛ ቤት፣ የቱዶሮች የቤት ቀለም ነው። የሶመርስን አረንጓዴ «እብደት» ብሎ የሚፈታ ሰው ንጉሡን ረስቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ቤቱን ይወቁ፣ ከዚያ ቀለሙን ይፍቱ።

የ19ኛውን መቶ ዘመን ሥዕል እንደ ምስክር መቁጠር

ፖላንዳዊው ስታንቺክ በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረ አጫዋች ነው። በዓለም የታወቀው ምስሉን ግን ያን ማቴይኮ የሣለው በ1862 ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ። ቀይ ልብስ ለብሶ፣ ከኋላው ድግሱ ደርቶ፣ ስሞሌንስክ የተባለችው ከተማ በ1514 በሞስኮ ጦር መያዟን ሰምቶ ወንበር ላይ ኩምትር ብሏል። ፊቱ የሠዓሊው የራሱ ፊት ነው። ድንቅ ሥዕል ነው፤ ስለ ተከፋፈለችው ፖላንድ ሐዘን ብዙ ይነግረናል። ስለ 1514 ልብስ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ጆከርም እንደዚሁ። ካርታው የተጨመረው በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዩከር ለሚባል ጨዋታ ነው። ባለ ቃጭሉ ሰውዬ እላዩ ላይ የተሣለው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብሱ ከቅጣት ሁሉ ያድናል ማለት

«አጫዋች የፈለገውን ይናገራል፣ ማንም አይነካውም» ይባላል። አርቺ አርምስትሮንግን ይጠይቁ። የእንግሊዝ ነገሥታት የጄምስ 1ኛና የቻርልስ 1ኛ አጫዋች ነበር። በ1637 ንጉሡና ሊቀ ጳጳስ ሎድ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በስኮትላንድ ላይ ጫኑ፤ ኤድንብራ ላይ በቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ረብሻ ተነሳ። አርቺ ሊቀ ጳጳሱን ሲያይ «አሁን ሞኙ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አልተማረም። በመጋቢት 1638 የንጉሡ ምክር ቤት ውሳኔ አወጣ፤ ኮቱ በራሱ ላይ ተስቦ ይውለቅ፣ ከንጉሡ አገልግሎትም ይባረር።

ቅጣቱን ልብ ይበሉ። ሹመት እንደሚገፈፍ ልብሱ ተገፈፈ። ኮቱ ከላዩ ሲወርድ የንጉሡ ሰው መሆኑ ያን ሰዓት አበቃ።

ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር ማመሳሰል

«የእኛው የቤተ መንግሥት አጫዋች» እየተባለ የሚጻፍ ነገር ያሳዝነኛል። አለቃ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው፤ ስማቸው ከተክሌ አቋቋም ጋር የሚነሳ። ነገር አዋቂነታቸው ቤተ መንግሥት ደረሰ እንጂ የአጫዋችነት ሥራም ልብስም አልነበራቸውም። ጥምጥማቸውን አውርዶ ባለ ቃጭል ቆብ መጫን ነውር ነው።

ሁሉንም ብልጥ ተቺ ማድረግ

ከአጫዋቾቹ ብዙዎቹ በዛሬ አነጋገር የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። የንጉሥ ቤተሰብ ይዟቸው ይኖራል፣ ይንከባከባቸዋል፣ ይስቅባቸዋልም። የሄንሪ ልጅ የሜሪ አጫዋች ጄን የምትባል ሴት ነበረች። የወጪ መዝገቦች ውድ ቀሚሶችና ጫማዎች እንደተገዙላት ያሳያሉ። በመዝገቦቹ ውስጥ ጭንቅላቷን ለመላጨት የተከፈለ ክፍያም አለ። ሁለቱን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀሚሱን ብቻ ያነበበ ሰው ጄን ተከብራ ኖረች ይላል፤ መላጨቱን ብቻ ያነበበ ሰው ደግሞ የተንከባከባት አልነበረም ይላል።

ለመድረክ ልብስ የሚያሰፉ ከሆነ

አንድ ሰውና አንድ ዓመት ይምረጡ። የ1535ን ሶመርስ ከመረጡ ልብስ ሰፊዎ ምንም ግምት አያስፈልገውም፤ አረንጓዴ ሱፍ፣ የሚጠለቅ ቆብ፣ የጠርዝ ክር፣ ገበር። የ1630ዎቹ ማድሪድ ከሆነ ጥቁር ይግዙ። ያለ ቃጭል አይሆንም ካሉ ወደ ጀርመን ይሂዱ። እዚያ ያላችሁ አንባቢዎች በደቡብ ምዕራብ በኩል ሮትቫይል ከተማ ከጾማቸው መግቢያ በፊት ባለው ሰኞና ማክሰኞ ብቅ ብትሉ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል ያጠለቁ፣ ትልልቅ ቃጭል በትከሻቸው የተሸከሙ ሰዎች በከተማው በር ሲወጡ ታያላችሁ። እነሱ ግን የበዓል ሰዎች ናቸው፤ የየትኛውም ንጉሥ ቤት ሰው አይደሉምና ልብሳቸውን ለቤተ መንግሥት ትዕይንት አትዋሱ።