ትልቅ ቁጥር ሲሰጣችሁ እንዲህ በታትኑት

ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ተሰጥቷችሁ ባህሪያቱን አውጡ ስትባሉ አትደንግጡ፣ ዋናው ስራ ተባዝተው ቁጥሩን የሚሰጡትን ፕራይሞች (ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የሌላቸውን ከ1 የሚበልጡ ቁጥሮች) ለቅሞ መጨረስ ነው፣ እሱ ካለቀ ሌላው ቀላል ነው። እስቲ 2,027,088ን እንየው።

ካልኩሌተር ሳትነኩ በፊት መጨረሻውን እዩት። 8 ነው፣ ስለዚህ ለ2 ይካፈላል፣ የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ደግሞ አይደለም፣ ምክንያቱም ስኩዌር ሁሌ በ0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ወይ 9 ነው የሚያልቀው። ከዛ አሃዞቹን ደምሩ፣ 2+0+2+7+0+8+8 = 27፣ ይሄ ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል (እኔም ተሸውጃለሁ)፣ ድምሩ 27 ከሆነማ ለ27ም ይካፈላል ብሎ ይሄዳል። አይካፈልም! ዘዴው የሚሰራው 10ም 100ም 1,000ም ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፍ ነው፣ ለ27 ግን እንደዛ አይደለም።

አሁን እናሳንሰው። ለ9 ሲካፈል 225,232፣ ከዛ ለ2 ደጋግማችሁ 112,616፣ 56,308፣ 28,154፣ 14,077፣ በቃ 2 አለቀ። 14,077ን አፍጥጣችሁ እዩት እስቲ፣ 14,000 ለ7 ይካፈላል 77ም ይካፈላል፣ ስለዚህ 7 × 2,011 ነው።

ሰው የሚሰለቸው 2,011 ላይ ነው፣ እስከመቼ ነው የምሞክረው ይላል። እስከ ስኩዌር ሩቱ ብቻ! 45 × 45 = 2,025 ነው፣ ስለዚህ 2,011 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ትንሹ የግድ ከ45 በታች ይሆናል፣ እስከ 43 ያሉትን ፕራይሞች ሞክሮ ማቆም ነው። 41 ላይ የተገኘ ይመስላል፣ 41 × 49 = 2,009፣ ግን 2 ይተርፋል። አንዱም አልሰራም፣ ፕራይም ነው። ሳትሞክሩ ግን ፕራይም ነው እንዳትሉ፣ ፈርማ የሚያክል የሒሳብ ሊቅ 4,294,967,297ን ፕራይም ነው ብሎ አስቦ ነበር፣ በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ።

እንግዲህ የኛ ቁጥር 2 አራት ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 7 አንዴ፣ 2,011 አንዴ ነው። ስንት አካፋይ አለው? እያንዳንዱ ፕራይም በመጣበት ጊዜ ብዛት ላይ 1 እየጨመራችሁ አባዙ፣ 5 × 3 × 2 × 2 = 60፣ አንዱ የሚጨመረው 2ን ጭራሽ አለመውሰድም ስለሚቻል ነው። ስኩዌር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ደግሞ ጥንድ ያጡት 7 እና 2,011 ናቸው፣ በ14,077 አባዙት። የአካፋዮቹ ድምር 31 × 13 × 8 × 2,012 = 6,486,688 ነው (31 ማለት 1+2+4+8+16፣ ሌሎቹም እንደዛው)፣ ራሱን ስትቀንሱ 4,459,600 ይቀራል፣ ከራሱ ከቁጥሩ ከእጥፍ በላይ።

ቀጥሎ 2,027,089 ቢመጣባችሁ ግን ከዚህ ምንም ፕራይም አትወስዱም፣ ጎን ለጎን ያሉ ቁጥሮች ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የላቸውም፣ ያው ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።