በተኩስ ሜዳ የሰው መሣሪያ እንዴት ይዋሳል? እንዴትስ ይመለሳል?

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ታላቅ ታናሽ አይልም፤ ሁሉንም «አንተ» ነው። እኔም «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንቺ ከሆንሽ ለራስሽ እየገለበጥሽ አንብቢው። ከዚራ በሚባለው ሰፈራችን ዛፍ ሥር ሻይ ሲጠጣ ይሄ ነፃነት ደስ ይላል። «አቦ፣ እስቲ አምጣው» ብለህ የጓደኛህን ስልክ ከእጁ ትወስዳለህ፣ ማንም አይቀየምህም። ተኩስ ሜዳ ላይ ግን እጅህን እንደዚያ የዘረጋህ ቀን ነገር ይበላሻል።

ለዓመታት የድርጅት ጥበቃዎችን ዒላማ ተኩስ ሳለማምድ ቆይቻለሁ። ሠልጣኙ ሠላሳ፣ ክላሹ አምስት። ሽጉጥማ ከተገኘ አንድ ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላውን መሣሪያ ሳይነካ የሚያልፍበት ቀን የለም። ሜዳ ላይ ካየኋቸው ጥሎች አብዛኞቹ የመጡት ከተኩሱ ሳይሆን ከአዋዋሱ ነው።

«መዋስ» ስል እዚያው ሜዳው ላይ፣ ባለቤቱ አጠገብህ ቆሞ፣ ጥቂት ጥይት ተኩሰህ የምትመልሰውን ነው። ይዞ ወደ ቤት መሄድ፣ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ለሠርግ መውሰድ እዚህ ውስጥ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው ነው፤ ወዳጅነት ፈቃድ አይሆንም። ሜዳው ውስጥም ቢሆን አስቀድመህ የሜዳውን ኃላፊ አስፈቅድ። እሱ ካልፈቀደ የባለቤቱ ፈቃደኝነት ዋጋ የለውም።

አንደኛ፦ ባዶ እጅህን አትሂድ

በጠዋት ድረስ። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ እንደ ውኃ እየተንቀጠቀጠ ዒላማው ሲዋኝ ታያለህ፣ ፀሐይ ላይ የዋለውም ብረት ጉንጭ አያስጠጋም። ሐረር ብርዱ ስለሚያግዝ ትንሽ ማርፈድ ይቻላል። ከሰዓት በኋላ የማልመክረው ግን በሙቀቱ ብቻ አይደለም። ከሰዓት የማን ሰዓት እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። የመረቀነ ሰው መሣሪያ አይለምንም፤ ቢለምንም አይሰጠውም። በዚህ ላይ «እኔ እንኳ ጫት አይዘኝም» የሚባል ክርክር አልቀበልም።

የጆሮ መከላከያ የራስህን ያዝ። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮ ውስጥ የተወተፈ ጥጥ አይመልሰውም። መነጽር አድርግ፣ ሸበጥ አውልቅ፣ የሸሚዝህን የላይኛውን ቁልፍ ቆልፍ። የመጨረሻውን የምልህ ክላሽ ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ወደ ቀኝ ስለሚወረውር ነው። በቀኝህ ከሚተኩሰው ሰው የተነሳ ባይደርስብህም በግራህ ያለው ሰው ቀለህ ግን ግንብ ወይም ምሰሶ መትቶ ነጥሮ አንገትህ ሥር ሊገባ ይችላል። ትኩስ ነው። ቀለህ አንገቱ የገባበት ሰው የሚጨፍረውን ጭፈራ ጠመንጃ በእጅህ ይዘህ እንድትጨፍረው አልፈልግም።

ዋናው ጥይቱ ነው። መሣሪያ የተዋሰ ሰው ጥይቱን ራሱ ያመጣል፣ ካልሆነም የተኮሰውን ይተካል። ስታመጣ ግን ስሙን ብቻ ሰምተህ አትግዛ። «ሰባት ነጥብ ስድስት ሁለት» የሚባል ጥይት አንድ ዓይነት አይደለም። የክላሽና የሲሞኖቭ ጠመንጃ 7.62 በ39 ነው፤ የመትረየሱ 7.62 በ54 ነው፤ የኤም 14 ደግሞ 7.62 በ51። የፊተኛው ቁጥር አንድ ስለሆነ ብቻ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ለባለቤቱ አሳየው፣ እሱ «ይሄ ነው» ካለ በኋላ ወደ ካዝናው፣ ወደ መሣሪያው የጥይት ማስቀመጫ፣ ይግባ።

ሁለተኛ፦ ስትጠይቅ መውጫ በር ተውለት

የእኛ ሰው እምቢ ማለት አይችልበትም። ይሉኝታ ይዞት «እሺ» ይላል፣ ከዚያ አንተ እስክትጨርስ ሆዱ እየተገላበጠ ይቆማል። ስለዚህ በሰው መሀል አትጠይቅ። ሊተኩስ ተንበርክኮ ሳለ ከኋላው መጥተህ ትከሻውን አትንካ፤ ይሄ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። ተራው እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከተኩሱ መስመር ወጥቶ ውኃ ሲጠጣ ጠጋ ብለህ እንዲህ በለው፦ «ጋሼ፣ ጥይት ይዣለሁ። ከተመቸህ አምስት ብቻ ልሞክርበት፤ ካልሆነም ችግር የለም።» ቁጥሩን ተናገር። «ትንሽ» አትበል፤ የአንተ ትንሽና የእሱ ትንሽ አይገጥምም።

መልሱን ደግሞ መስማት ልመድ። «እሺ» ብሎ ወዲያው ከተነሳ እሺ ነው። «እስቲ እናያለን» ካለህ እምቢ ነው። «ምላጩ ትንሽ አስቸግሮኛል» ብሎህ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በዚያው ጠመንጃ ሲያንደቀድቅ ብታየው አትሳቅ፣ አታስታውሰውም ደግሞ፤ እምቢ ማለቱ ነው። ባለመሣሪያ ለሆንከው ደግሞ፦ ሰበብ አትፍጠር። «ዛሬ አላዋስም» በቂ ነው። የማታውቀውን ሰው፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን፣ ሴፍቲው (መቆለፊያው) የት እንዳለ ስትጠይቀው «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» የሚልህን አለመስጠት መብትህ ብቻ አይደለም፣ ግዴታህም ነው።

አንድ የማይጠየቅ መሣሪያ አለ፦ የአያት ጠመንጃ። ሐረርጌ ውስጥ ውጅግራም ምንሽርም ከግድግዳ የሚወርድበት ቤት አይጠፋም። (ውጅግራ ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» የመጣ ስም ነው፤ ምላሳችን ነው ያሳመረው።) ባለቤቱ ለማሳየት ካመጣው እየው፣ አድንቀው፣ የማን እንደነበር ጠይቀው፣ ታሪኩን አዳምጥ። ራሱ «ተኩስበት» እስካላለህ ድረስ ግን ከዚያ አትለፍ። እኔ ቢልም አልተኩስበትም፤ የመቶ ዓመት ብረት ውስጡ ምን እንደሆነ ማን አይቶት!

ሦስተኛ፦ ርክክቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ።

እኛ ለታላቅ ዕቃ ስናቀብል በሁለት እጃችን ነው፣ ወይ በግራ እጃችን የቀኙን ክንድ ደግፈን፣ ጎንበስ እያልን። ጥሩ አስተዳደግ ነው። ጠመንጃ ይዘህ ስታደርገው ግን ሰውነትህ ወደ ሰውየው ይዞራል፣ አፈሙዙም አብሮ ይዞራል፤ ስትጎነበስ ደግሞ የሱን ጉልበት ወይም ያንተኑ እግር ያያል። ስንት ጨዋ ልጅ በአክብሮቱ ብዛት አፈሙዝ ደቅኖብኛል! ስለዚህ እኔ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል ቀርቷል። ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ወይም ምንጣፉ ላይ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጎ ያስቀምጣል፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ይላል፣ ተዋሹ ቀርቦ ያነሳል። አክብሮትህን በአፍህ ግለጸው።

ከማስቀመጡ በፊት ግን ጠመንጃው መራቆት አለበት። ተኩስ ቆሟል ተብሎ ሲታወጅ፣ አፈሙዙ ከዒላማው ኋላ ወዳለው የአፈር ግድግዳ እንደዞረ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎ ማቀባበያው ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጎረሰው ጥይት ካለ ተፈናጥሮ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው። ካዝናው ሳይወጣ ማቀባበያውን ብትስብ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ታጎርሰዋለህ፣ «ባዶ አደረግኩት» እያልክ። ከዚያ ሁለታችሁም በዓይናችሁ ጥይት መጉረሻውን ታያላችሁ። ሲሞኖቭ መጨረሻውን ጥይት ሲተኩስ ራሱ ተከፍቶ ይቀራል፣ ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥም እንደዚያው። ክላሽ ግን አይቀርም፤ ስትለቀው ይዘጋል። ለዚህ ነው ማቀባበያውን ስቦ እንደያዘ ሌላው ጎንበስ ብሎ ማየት ያለበት። ያኔ ብቻ ይለቀቃል፣ ሴፍቲው ይዘጋል፣ ይቀመጣል።

አሁን አንተ ስታነሳው ይህንኑ ከመጀመሪያው ድገመው። ከአሥር ሰከንድ በፊት ብታየውም። «እኔን አላመንክም?» የሚል ይኖራል፤ ይሄ ከመተማመን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሐረር በጦር አካዳሚው ዘመን የተማረ አንድ አዛውንት ነበር፤ ጠመንጃ ስሰጠው ፊት ለፊቱ ባዶ አድርጌም ራሱ ሳያየው አይነካውም። አንዴ ለቀልድ «ጋሼ፣ ዓይንህ ደከመ እንዴ?» ብለው፣ «የባረቀበት ሰው ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ነበር» አለኝና ማየቱን ቀጠለ።

አራተኛ፦ ሳታፍር አስተምረኝ በል

ይሄን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ወዳጄን ክላሽ ተዋስኩ። አሥር ጥይት አጎረስኩበት። «ሴፍቲውን ታውቀዋለህ?» አለኝ፣ «አዎ» አልኩ። ሲሞኖቭ ነበር የማውቀው። የክላሽ ሴፍቲ በቀኝ ጎኑ ያለው ረጅሙ ብረት ነው፤ ላይ ሲሆን ዝግ፣ ታች ድረስ ሲወርድ በነጠላ፣ መሀል ላይ ደግሞ «በርስት»፣ ማለትም በተከታታይ የሚተኩስበት ቦታ ነው። ከዝግ ስታወርደው መጀመሪያ የምታገኘው በርስቱን ነው። እኔ «ቀጭ» ሲል ደረሰ ብዬ ተውኩት። ምላጩን ነካሁ፤ ስድስት ጥይት አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ሄደ። የመጀመሪያው ወረቀቱን መታ፣ የቀሩት ወደ ላይ እየወጡ ሄዱ። ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ባይኖር ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ወዳጄ አልጮኸም። ሴፍቲውን ወደ ላይ መለሰና «ታውቀዋለህ አልነበር?» አለኝ፣ በቃ።

ስለዚህ ብታውቀውም አላውቀውም በል። ሴፍቲው የት ነው? ካዝናው በምን ይወጣል? ምላጩ ከባድ ነው ቀላል? ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲሆን ነው የሚዘጋው፤ በሌላ ሽጉጥ የለመደ ሰው ገልብጦ ያስበዋል። ግራ አውራ ጣትህን ከላይ ከሚንሸራተተው ብረት ኋላ አታስቀምጥ፣ ይቆርጥሃል። እነዚህን ሳይጠየቅ የሚነግርህ ባለቤት ካገኘህ ምርጥ ሰው ነው።

አምስተኛ፦ ተኩሱ

የመጀመሪያው ካዝና አንድ ጥይት ብቻ ይኑረው። ጠመንጃው እንዴት እንደሚመታህ፣ ሰደፉ ትከሻህ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ከዚያች አንዲት ትማራለህ። ባለቤቱ ከጎንህ ትንሽ ወደ ኋላ ይቁም። እስክታነጣጥር ድረስ ጣትህ ከምላጩ ውጭ ይሁን።

ምላጩን ስበህ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ከሽፏል። ዕቅድ ከሸፈ እንደምንለው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ነው፦ «ምን ሆነ?» ብሎ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፣ ጠመንጃውን እንደያዘ። አትዙር። አፈሙዙ ዒላማው ላይ እንዳለ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፤ ጥይቱ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። እጅህን አንሳና በአፍህ ጥራው፣ እሱ ይምጣ።

ማነጣጠሪያውን አትነካካ። ሰውየው በራሱ ዓይን ለክቶ ያስተካከለው ነው፤ ለአንተ ወደ ግራ ቢመታ ወደ ቀኝ አነጣጥር። አምስት ብለህ ከሆነ አምስት ላይ አቁም። ስድስተኛው በኪስህ ቢኖርም።

ስድስተኛ፦ ስትመልስ

ርክክቡ ያው ነው፣ ሰጪና ተቀባዩ ብቻ ተገልብጦ፦ ካዝና፣ ማቀባበያ፣ አራት ዓይን፣ ሴፍቲ፣ ጠረጴዛ። አፈሙዙ ስለሚያቃጥል በእንጨቱ ያዘው። የሆነ ነገር ከላላ፣ ከወደቀብህ ወይም ከተጫረ እዚያው ንገረው፤ ቤቱ ገብቶ ሲወለውል ካገኘው ለዘላለም አጣኸው።

«ልወልውልልህ?» ማለት ያስፈልጋል። አንዳንዱ በሰው እጅ አያስነካም፣ «ተወው» ይልሃል፤ ከፈቀደልህ ግን በደንብ ሥራው። በተለይ አሮጌ ጥይት ከተተኮሰበት፤ የድሮ ጥይቶች መለኮሻቸው ጨው ትቶ ስለሚሄድ አፈሙዙን ያዝገዋል። ቀለህህን ልቀም፣ ሳትተኩሰው የተረፈውን ጥይት ከቀለሁ ጋር አታደባልቅ። ከዚያ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ የጥይቱ እርሳስ ብናኝ ከእጅህ ወደ አፍህ እንዳይሄድ። ከተኩሱ በኋላ የሚበላው ፉል የትም አይሄድም።

የሚበላውን መክፈል የተዋሹ ፋንታ ነው፤ ይሄ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሲቀር ይታወቃል።

እኔ የወዳጄን ክላሽ በተዋስኩበት በዚያ ቀን ፉሉን ከፈልኩ። ስድስቱ ጥይቶች ግን የእሱ ነበሩ፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ቆጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ተቀበለኝ፣ ቆጠረ፣ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ክላሹን ባዶ አድርጎ አሳየኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሴፍቲው በነጠላ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ታች፣ በጥፍር ቀለም የተነካ አንድ ቀይ ነጥብ ነበር። «የሚስቴን ቀለም ሰርቄ ነው» አለኝ። «ና፣ አምስት ተኩስ።»